5ኛ ክፍል ደርሰው ማንበብ ላልቻሉ ልጆች ምን ይደረግ? ለደሴዋ መምህርት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 5ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። 58 ተማሪዎች አሉኝ። ሃያ የሚሆኑት አንድ አንቀጽ ማንበብ አይችሉም፤ ጥቂቶቹ ፊደልም አይለዩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ማጠናከሪያ ጀምረን ነበር፣ የሚመጡት ጎበዞቹ ናቸው። አንዳንድ ባልደረቦቼ ልጆቹ ወደ ታች ክፍል ይመለሱ ይላሉ። ምን ላድርግ?»

መምህርት፣ በመጀመሪያ ልጆቹ ወደ ታች ክፍል አይመለሱ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጎን ሲቀመጥ ያፍራል፤ ጥቂት ሳምንት ይታገሣል፣ ከዚያ ይቀራል። ሴቷ ከቀረች የቤት ውስጥ ሥራው ይውጣታል፤ ወንዱን መናኸሪያ አካባቢ የሊስትሮ ሳጥን ይዞ ያገኙታል። ደግሞስ ታች ክፍል ምን ይጠብቀዋል? ያኔ ያላስተማረው አካሄድ ዛሬም እዚያው ነው። ያልተማረውን እንዲማር ከተፈለገ መለወጥ ያለበት የሚማርበት መንገድ ነው፤ የክፍሉ ቁጥር ብቻውን ምንም አያደርግለትም።

እነዚህ ልጆች እነማን እንደሆኑም እናስብ። በ2018 ዓ.ም. 5ኛ ክፍል የደረሰ፣ ክፍል ያልደገመ ልጅ 1ኛ ክፍል የገባው በ2014 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት ለደሴና ለኮምቦልቻ ምን እንደነበር ለእርስዎ መንገር አያሻኝም። ክረምቱን ትምህርት ቤቶቻችን ከሰሜን የመጡ ተፈናቃዮች መጠለያ ሆነው ከረሙ፤ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ጦርነቱ ከተሞቹ ውስጥ ነበር። ለወትሮው ፊደል የሚቆጠረው በነዚያ ወራት ነው። በአንድ ዓመት የሚቀድሟቸው የ6ኛ ክፍል ልጆችም በኮሮና ምክንያት ዘግይቶ በተከፈተው በ2013 ዓ.ም. የጀመሩ ናቸው። በታችኞቹ ክፍሎች ተማሪ እምብዛም ስለማይወድቅ ልጁ ፊደል ሳይዝ ከ1ኛ ወደ 2ኛ፣ ከ2ኛ ወደ 3ኛ አለፈ። በየዓመቱ አዲስ መጽሐፍ ይሰጠዋል፤ እሱ ግን የመጀመሪያውን ገና አላነበበም።

ሁሉን በጦርነቱ ማሳበብም ተገቢ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ያኔ ጦርነትም ኮሮናም አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ አገር ደነገጠ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ሪሚዲያል ከፈቱ። እኔ እንዲያ ዓይነቱ ትኩረትና በጀት አንዲት ልጅ አሥር ዓመት ሳይሞላት ቢደርስላት ምኞቴ ነው፤ ያኔ ጉድለቱ ገና ትንሽ ነው፣ በአንድ መምህርት እጅም ይሞላል።

የቅዳሜው ለምን አልሠራም? ሁለት ምክንያት ይታየኛል። ቅዳሜ በጣም የሚቸገረው ልጅ ቤተሰቡን የሚረዳበት ቀን ነው፤ ገበያ ይወጣል፣ ታናሽ ይጠብቃል፣ ቁርኣን ቤት ይሄዳል። የሚመጣው ወላጁ የሚከታተለው ልጅ ነው፣ እሱ ደግሞ ማንበብ ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ይከብዳል። ቅዳሜ የሚሰጠው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ የሳምንቱ ትምህርት ድጋሚ ነው። ማክሰኞ ያልገባው አንቀጽ ቅዳሜም ተመልሶ ይነበባል። ፊደል የማይለይ ልጅ ያንን አንቀጽ አሥር ጊዜ ቢሰማው በቃሉ ይይዘው ይሆናል፤ ማንበብ ግን አይማርበትም።

ስለዚህ የምመክርዎት አንድ ነገር ነው፦ ልጆቹን በክፍላቸውና በዕድሜያቸው ሳይሆን ባሉበት የንባብ ደረጃ ይመድቧቸው፤ ይህም በመደበኛው የትምህርት ሰዓት፣ በየቀኑ ይሁን። የቀረው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ይህ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። አብነት ትምህርት ቤት የኔታ ልጁን ዕድሜውን አይጠይቁትም። ፊደል የቆጠረ ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወደ ዳዊት ይሄዳል፤ ያልዘለቀው ያለበት ይቆያል፣ የቀደመው ልጅ ያስቀጽለዋል። ቁርኣን ቤትም እንዲሁ ነው፤ ፊደሉን ያልለየ ልጅ ሱራ አይገባም፣ ቀድሞ የገባው የኋለኛውን ያቀራዋል። ባንድ ጣሪያ ሥር አሥር ደረጃ አለ፣ ሁሉም ባለበት ይሠራል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ስድሳ ልጅ ባንድ ገጽ ላይ ሲያስቀምጥ የተወው ይህን ነው፤ እጅግ ያሳዝነኛል።

በሳይንሳዊ ጥናት ከተፈተሹት መንገዶችም ከፍተኛ ማስረጃ ያለው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 በህንድ በሙምባይና በቫዶዳራ ከተሞች፣ ፕራታም የተባለ ድርጅት በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከየሰፈሩ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ወጣት ሴቶችን መደበ። ባልሳኪ ይሏቸዋል። 3ኛና 4ኛ ክፍል ሆነው ወደኋላ የቀሩትን ከ15 እስከ 20 ልጆች ከክፍል አውጥተው በትምህርት ሰዓት ውስጥ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል መሠረታዊውን ያስተምሯቸው ነበር። ኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙት አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ከባልደረቦቻቸው ጋር ውጤቱን ለኩ። ልጆቹ በግልጽ ተሻሻሉ፣ ከሁሉ በላይ ያገኙትም ከታች የነበሩት ናቸው። ለእርስዎ ልዩ ትርጉም ያለው ግን ሌላው ግኝት ይመስለኛል። ደካሞቹ ሲወጡላቸው ክፍሉ የቀለለላቸው፣ ከቀድሞው መምህር ጋር የቀሩት ልጆች ያን ያህል አልተለወጡም። 58 ብዙ ነው፣ እውነት ነው፤ ቁጥሩ ቀንሶ አስተማመሩ ያው ከሆነ ግን ለውጥ አይጠበቅም።

በዚያው በህንድ በቢሃር ግዛት የታየውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በዕረፍት ወቅት በተዘጋጀ የአንድ ወር ካምፕ የመንግሥት መምህራን ልጆችን በደረጃቸው ሲያስተምሩ የንባብ ውጤት ከፍ አለ። እነዚያው መምህራን ሥልጠናውንና መርጃ መሣሪያውን ይዘው ወደ መደበኛው ዓመት ሲመለሱ ግን ለውጡ አልታየም፤ የመጽሐፉን ይዘት የመጨረስ ሩጫ ውጦታል። በኋላ በሃሪያና ግዛት በቀን አንድ ሰዓት ተለይቶ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉት ልጆች በሙሉ በደረጃ ሲመደቡ የቋንቋ ውጤታቸው ተሻሻለ። ችሎታው ከመምህራኑ ዘንድ ነበር፣ የጎደለው የተከለለ ሰዓት ነው። ከርዕሰ መምህርዎ መለመን ያለብዎት ይህንኑ ሰዓት ነው።

ከምዘናው ይጀምሩ። ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ ገደማ ይበቃል፤ ለብቻው፣ ከጓደኞቹ ጆሮ ርቆ፣ በረንዳ ላይም ቢሆን። አምስት ፊደል፣ አምስት ቃል፣ አንድ አጭር አንቀጽ፣ አንድ ታሪክ ያስነብቡታል። ወረቀቱን መጨረሻ ላይ አስቀምጬልዎታለሁ። የፈተና ውጤት ወይም ሮስተር በዚህ ቦታ አይረዳዎትም፤ ከጓደኛው ቀድቶ 60 ያመጣ፣ ፊደል የማይለይ ልጅ ይኖራል፣ እጅግ ዓይን አፋር ሆኖ 40 ያመጣ አንባቢም ይኖራል።

ከዚያ የ4ኛ፣ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል መምህራን ተስማምታችሁ አንዱን ክፍለ ጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ላይ ግጠሙት። ደወሉ ሲደወል ልጆቹ ክፍላቸውን ትተው ወደየደረጃቸው ይሄዳሉ፤ 40 ደቂቃው ሲያልቅ ይመለሳሉ። ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይልቅ ከእረፍት በኋላ ያለው ይሻላል። ደሴ ጠዋት ብርዱና ጉሙ ያዘገያል፤ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ እናትየው ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ እስክትመለስ ታናሹን የሚጠብቅ ልጅ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጠዋል። የሚያስፈልገው ደግሞ ለሱ ነው። ለቡድኖቹ ደረጃ የማይጠቁም የአካባቢያችንን ቦታዎች ስም ስጧቸው፣ ጦሳ፣ አዝዋ፣ ቦርከና። «የደካሞች ክፍል» የሚል ቃል ከመምህር አፍ አንዴ ከወጣ የሚመለስ አይደለም። ከትምህርት ቤቱ ጋር መስማማት ካልተቻለ በራስዎ ክፍል ውስጥ፣ በአማርኛው ክፍለ ጊዜ፣ ሦስት ቡድን አድርገው መጀመር ይችላሉ። አንዱ ቡድን እርስዎ ዘንድ ሲሆን ሁለቱ በጽሑፍና በጥንድ ንባብ ይቆያሉ። ይደክማል፣ ግን ይቻላል።

አሁን ወደ ራሱ ማስተማሩ ልምጣ። ፊደል ለማይለየው ቡድን የፊደል ገበታውን በዜማ ማስጮህ ይቁም። እነዚህ ልጆች ከሀ ሁ ሂ እስከ ፐ ፑ ፒ በቃላቸው ይወርዱታል። ጣትዎን «ቂ» ላይ ቢያኖሩ ግን «ቀ፣ ቁ…» ብለው ቆጥረው ነው የሚደርሱበት። አቡጊዳ ይህን ልማድ ይሰብራል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ ሲባል እያንዳንዱ ፊደል በሌላ ቤት ስለሚመጣ ልጁ ቅርጹን እንዲያይ ይገደዳል። ከካርቶን ቆርጠው ፊደሎችን በማርከር ይጻፉ፣ ያደባልቁ፣ መሬት ላይ ይበትኑ፣ «ሚ አምጣ» ይበሉ።

33ቱን ከነሰባት ቤታቸው፣ ማለትም 231ዱን ባንድ ጊዜ አይጫኗቸው። በንግግር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚመጡትን፣ በ፣ ለ፣ መ፣ ነ፣ ተ፣ ረ፣ ሰ፣ አ፣ ከ፣ የ፣ አስቀድመው ያስይዙ። ከዚያ ቤቶቹን እንደ ምልክት ያሳዩ፦ የካዕብ (የሁለተኛው ቤት) ቅጥያ ብዙውን ጊዜ ከወገብ በስተቀኝ ነው፣ የሣልስ (የሦስተኛው) ከእግር ሥር፣ የኃምስ (የአምስተኛው) ቀለበት አለው። አንድ ልጅ ይህን ካየ ያልተማረውን ፊደል ራሱ ይደርስበታል፤ ፊቱ ላይ የሚታየውን ደስታ ይመልከቱልኝ። ሩና ሪ፣ ፉና የመሳሰሉት ከሥርዓቱ ስለሚወጡ ለብቻቸው ይያዙ። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ዘ እና ዠ፣ ጠ እና ጨ የሚምታቱበት ልጅ ካለ ጎን ለጎን አድርገው በአብዛኞቹ ራስ ላይ፣ በጨ ደግሞ እግሮቹ ላይ የተጨመረውን ምልክት ያሳዩት፤ ስድስቱም ጥንዶች ባንድ ሳምንት ይፈታሉ።

አስቸጋሪው ሳድስ፣ ማለትም ስድስተኛው ቤት ነው። ቅርጹ ሥርዓት የለውም፣ ል፣ ብ፣ ት፣ ን፣ ር እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መልክ አላቸው። ድምፁም አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። «ትምህርት» አምስቱም ፊደል ሳድስ ነው። ፊደል በፊደል የሚቆጥር ልጅ አምስት ጊዜ ይቆማል፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። ፊደሎቹን ሁሉ ያውቃል፣ ቃሉን ግን አያነብም። ብዙ መምህራን «ፊደል ያውቃል፣ ይሰንፋል» የሚሉት ይህን ልጅ ነው፤ እባክዎ እንዲህ አይፍረዱበት። መፍትሔው ማጨብጨብ ነው። «ትም» አንድ ጭብጨባ፣ «ህርት» ሁለተኛ ጭብጨባ። መጀመሪያ በአፍ፣ ሳያዩ፤ ከዚያ እያዩ። «መስኮት»፣ «ወንድም»፣ «ድንች»፣ «ብርድ ልብስ» በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ።

ቃል ከቻለ በኋላ ቀጣዩ ግድግዳ የግሥ ርዝመት ነው። «አልተመለሱም» የሚለው ባንድ ጊዜ ሲመጣበት ይደነግጣል። «ተመለሰ» ብለው ይጻፉ፤ ከበታቹ «ተመለሱ»፤ ከዚያ በታች «አልተመለሱም»። በየቀኑ አንድ ግሥ እንዲህ እየተቀጠለ ቢወርድ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ረጅሙን ቃል ሲገምሱት ያያሉ። የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ በጽሑፋችን ስለማይለይ «ይመታል» ያለውን መምታት ነው ወይስ መመታት የሚለየው የዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ ነው፤ ስለዚህ ከአንቀጽ ቡድን ጀምሮ ልጁ ያነበበውን በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲነግርዎ ይጠይቁት።

የንባብ ጽሑፍ አጥተው እንዳይቸገሩ። አንዱን ልጅ «ትናንት ምን አየህ?» ይበሉት፣ የተናገረውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ይጻፉ፣ ያንን ያንብቡ። ስለ ሰኞ ገበያ፣ ስለ ወንድሙ ሠርግ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስለጠፋችው ፍየል ይናገራል። የራሱ ቃል ስለሆነ ቀጥሎ የሚመጣውን ይገምታል፣ በግምቱም ፊደሉን ያረጋግጣል።

ሒሳብ በተመሳሳይ መንገድ ይሄዳል፣ ባጭሩ ልለፈው። ሊስትሮ የሚሠራ ልጅ የመቶ ብር መልስ አይስትም፤ ወረቀት ላይ ግን 100 ሲቀነስ 37 ያቅተዋል። ከገንዘቡ ይጀምሩ። የ1 ብር ሳንቲም፣ የ10 ብር ኖት፣ የ100 ብር ኖት ቤተ አሃድን፣ ቤተ አሥርንና ቤተ መቶን በእጁ ያስጨብጡታል። ወረቀት ላይ «መበደር» የሚባለው አንዱን አሥር ብር መዘርዘር መሆኑን ሲያይ ይገባዋል። መዘርዘሪያውን ከቆርኪና ከካርቶን መሥራት ይቻላል።

አንድ ነገር በጣም አደራ እላለሁ። ከሃያዎቹ ውስጥ ከከሚሴ ወገን ወይም ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ፣ በአፋን ኦሮሞ ሲማሩ የቆዩ ልጆች ይኖሩ እንደሆነ ይጠይቁ። የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ (በላቲን ፊደል) ነው የሚሰጠው። እንዲህ ያለች ልጅ በአማርኛው ምዘና ፊደል ከማይለዩት ጋር ትመደባለች፤ ነገር ግን ማንበብ ታውቃለች። በቁቤ የተጻፈ ነገር ይስጧትና ይዩ። ድምፅና ምልክት ማገናኘት ገብቷታል፤ የሚያስፈልጋት አዲሱ ፊደልና የአማርኛ ቃላት ናቸው። ከሌሎቹ በጣም ፈጥና ትወጣለች። «አታነብም» ተብላ ከተጻፈባት ግን ያላትንም ትደብቀዋለች።

በሁለት ወር ውስጥ ምንም ያልተንቀሳቀሰ ልጅ ካለ ዓይኑንና ጆሮውን ይጠርጥሩ። ከኋላ ወንበር ሆኖ ሰሌዳውን፣ ከዚያ ከፊት ሆኖ ያንኑ ያስነብቡት፤ ጀርባውን ሰጥቶዎት በዝቅተኛ ድምፅ ስሙን ይጥሩት። ልዩነት ካዩ ወላጁን ያነጋግሩ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው፣ ከከተማውም ሩቅ አይደለም።

ማን ያግዝዎታል? የወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት) አባላትን ጠርተው የምዘናውን ወረቀት ያሳዩአቸው፤ ክርክር አያስፈልግም፣ ሁለት ልጅ ፊታቸው ቢያነብ ይበቃል። 12ኛ ክፍል ጨርሰው ቤት የተቀመጡ ወጣቶች በየሰፈሩ አሉ፤ ከመምህራን ኮሌጅ ለተግባር ልምምድ የሚመጡ ዕጩዎች አሉ፤ ክረምት ላይ ከዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ የበጎ ፈቃድ ተማሪዎች አሉ። የሙምባይ ባልሳኪዎችም ከነዚህ የበለጠ ትምህርት አልነበራቸውም፤ ሁለት ሳምንት ሠልጥነው ነው የገቡት። ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ለሻይና ለትራንስፖርት የሚሆን ቢታሰብላቸው መልካም ነው። የአንቀጹንና የታሪኩን ቡድን ለእነሱ ይስጡ። ፊደል የማይለየውን ቡድን ግን እርስዎ ይያዙ፤ ልምድ ያለው እጅ የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

«ይዘቱን መቼ እንጨርሳለን?» የሚል ጥያቄ ከሱፐርቫይዘር ይመጣብዎታል። ለማያነብ ልጅ የአካባቢ ሳይንሱም የግብረ ገቡም መጽሐፍ ተዘግቶ የተቀመጠ ነው፤ ይዘቱ ቢጨረስም ለእሱ አልተጀመረም። ይህን በአክብሮት፣ ምዘናውን በእጅዎ ይዘው ይናገሩ። ቃል የሚያነብ ልጅ በየቀኑ ከተሠራበት በሁለት ወር ገደማ አንቀጽ ሲያነብ ማየት የተለመደ ነው፤ ከፊደል የሚነሳው ይረዝማል። ደግሞ አንዴ ሠርቶ መተው አይበቃም፤ በህንድም ልጆቹ ድጋፉን ከጨረሱ ከዓመት በኋላ ያገኙት ጥቅም በእጅጉ ሳስቶ ተገኝቷል። 6ኛ ክፍል ሲገቡ የሚቀበላቸው መምህር ስም ዝርዝሩን ከእርስዎ ይውሰድ።

የምዘናው ወረቀት ይኸውና። ፊደል፦ ለ፣ ቡ፣ ሚ፣ ት፣ ኖ። ቃል፦ ቤት፣ ዶሮ፣ ገበያ፣ ወንድም፣ መስኮት። ከአምስቱ አራቱን ካነበበ ያንን ደረጃ አልፏል። አንቀጽ፦ «ከድር ሁለት በጎች አሉት። ጠዋት ወደ ሜዳ ይወስዳቸዋል። በጎቹ ሣር ይበላሉ። ማታ ወደ ቤት ይመለሳሉ።» ከሦስት ስሕተት ያልበለጠ፣ ቃል በቃል ሳይቆራርጥ ያነበበ አልፏል። ታሪክ፦ «አልማዝ ጠዋት ውሃ ልትቀዳ ወጣች። መንገድ ላይ አንድ ትንሽ ቦርሳ አገኘች። ውስጡ ገንዘብ ነበር። ዙሪያዋን ብታይ ማንም የለም። ቦርሳውን ይዛ ወደ አያቷ ሮጠች። አያቷ ጎረቤቶችን ጠየቁ። ቦርሳው የዳቦ ሻጯ ሆኖ ተገኘ። ሴትዮዋ በጣም ደስ አላቸው፤ ለአልማዝም ትኩስ ዳቦ ሰጧት።» ካነበበ በኋላ ቦርሳው የማን እንደነበር፣ አልማዝ ለምን ወደ አያቷ እንደሮጠች ይጠይቁት።

ከአንቀጹ ይጀምሩ። አንቀጹን ካነበበ ወደ ታሪኩ፣ ካቃተው ወደ ቃላቱ፣ ከዚያም ወደ ፊደሉ ይውረዱ፤ በዚህ መንገድ ልጁ አራቱንም አይፈተንም። ከስሙ ጎን ደረጃውንና ቀኑን ይጻፉ። በየወሩ ሲደግሙት አንቀጹንና ታሪኩን ይቀይሩ፣ የመጀመሪያውን እስከዚያ በቃላቸው ይዘውት ይሆናልና።